ከሞራ እስከ አንጎል፦ በጉበት ስብ በሽታ የበሽታ ተከላካይ ሴሎች ድርሻ

የኩላሊት ጠጠር ይኖርብኝ ይሆን ብሎ የሄደ የ52 ዓመት ሰው አልትራሳውንድ ክፍል ውስጥ በጀርባው ተኝቷል እንበል። ባለሙያዋ ቀዝቃዛውን ቅባት ቀብታ መሣሪያውን በቀኝ ጎኑ፣ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ሥር ስታሳርፈው ጉበቱና ቀኝ ኩላሊቱ በስክሪኑ ላይ ጎን ለጎን ይወጣሉ። በጤነኛ ሰው የሁለቱ መልክ ተቀራራቢ ግራጫ ነው። በዚህ ሰው ግን ኩላሊቱ ጠቁሮ ጉበቱ ወተት የፈሰሰበት ይመስል ነጥቷል፤ በጉበት ሴሎቹ ውስጥ የተጠራቀመው ስብ የድምፁን ሞገድ እየበተነ ስለሚመልሰው ነው። ጠጠር አልተገኘም። በውጤት ወረቀቱ ላይ «ግሬድ 2 ፋቲ ሊቨር» (ሁለተኛ ደረጃ የጉበት ስብ) የሚል አንድ መስመር ይጻፍለታል፣ «ትንሽ ስብ ነው፣ ክብደት ቀንስ» ይባልና ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ምክሩ ትክክል ነው። ነገር ግን አንድ ትልቅ ጥያቄ ሳይነካ ይቀራል፦ ተመሳሳይ መጠን ያለው ስብ በጉበታቸው ከተከማቸ ሁለት ሰዎች መካከል አንዱ ዕድሜውን ሙሉ ያለ ከባድ ጉዳት ሲኖር የሌላው ጉበት ለምን ይቆጣል፣ ይጠባሳል፣ በመጨረሻም ለሲሮሲስ (ጉበት በጠባሳ ተሞልቶ መጠጠር) ወይም ለካንሰር ይዳረጋል? ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ብዙ ተመራማሪዎች የመልሱን ትልቅ ክፍል የሚያገኙት በሰውነት በሽታ ተከላካይ ሴሎች ውስጥ ነው። እነዚሁ ሴሎች፣ ወይም የቅርብ ዘመዶቻቸው፣ በሆድ ስብ ውስጥም በአንጎል ውስጥም ስላሉ ነገሩ በጉበት ብቻ የሚያበቃ አልሆነም።

የችግሩ ስፋት ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሰዎች ከልክ ያለፈ ውፍረት እንዳለባቸው፣ ከእነዚህም ወደ 160 ሚሊዮን የሚጠጉት ከ5 እስከ 19 ዓመት ያሉ ልጆች እንደሆኑ አስታውቋል። የጉበት ስብ ደግሞ ከዓለም አዋቂዎች በግምት ከአሥሩ ሦስቱን ይመለከታል። በሽታው ለብዙ ዓመታት «አልኮል ያላመጣው» በሚል ስም ሲጠራ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2023 ዓለም አቀፍ የጉበት ሐኪሞች ማኅበራት ከሜታቦሊዝም (ሰውነት ምግብን ወደ ኃይል ከሚለውጥበት ሂደት) መዛባት ጋር የተያያዘ የጉበት ስብ በሽታ ብለው ሰይመውታል። አዲሱ ስም በሽታው ምን እንዳልሆነ መናገሩን ትቶ ምን እንደሆነ ስለሚናገር የተሻለ ይመስለኛል።

በአገራችን ጉበት ታመመ ሲባል ቶሎ ወደ ሐሳብ የሚመጣው የወፍ በሽታ፣ ሄፓታይተስ ወይም መጠጥ ነው፤ እነዚህም እውነተኛ ሸክሞች ናቸው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በመላ አገሪቱ ክብደታቸው ከልክ ያለፈ ሴቶች 8 በመቶ ያህል ሲሆኑ በአዲስ አበባ ግን 29 በመቶ መድረሳቸውን አሳይቷል። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤላውያንም ሲደርሱ የስኳር በሽታ በመካከላቸው እምብዛም አይታይም ነበር፤ አመጋገባቸውና አኗኗራቸው ከተለወጠ ከዓመታት በኋላ ግን በሽታው በግልጽ ተስፋፍቷል። የጉበት ስብና ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ በአብዛኛው ተከታትለው የሚሄዱ ስለሆኑ ይህ ታሪክ በከተሞቻችንም በውጭ ባሉ ወገኖቻችንም ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ሴሎቹ ወደሚሠሩበት ቦታ እንግባ። በግ ሲታረድ ሆዱ እንደተከፈተ አንጀቱን እንደ ነጭ መረብ ሸፍኖ የሚገኘውን ሞራ ያላየ ሰው ጥቂት ነው፤ ወደ ብርሃን ሲያነሡት የደም ሥሮቹ እንደ ቅጠል ጅማት ተዘርግተው ይታያሉ፤ አባቶቻችንም ሞራ ገላጭ ጠርተው ያስነብቡት ነበር። በሰው ሆድ ውስጥም ያው ሞራ አለ፤ ቦርጭ የምንለውም ከቆዳ ሥር ካለው ጮማ በተጨማሪ በዚህ በውስጡ ስብ የሚገፋ ነው። ሁለቱ ስቦች እኩል አደገኛ አይደሉም። በሞራው ውስጥ ከተዘረጉት ደም ሥሮች የሚወጣው ደም በቀጥታ ወደ ልብ አይመለስም፤ ከአንጀት ከሚመጣው ደም ጋር ተቀላቅሎ መጀመሪያ የሚገባው ወደ ጉበት ነው። ወደ ጉበት ከሚገባው ደም ሦስት አራተኛው ያህል በዚህ መንገድ የሚመጣ ነው። በሞራ ውስጥ የተፈጠረ ነገር ሁሉ ጉበትን ቀድሞ የሚያገኘው ለዚህ ነው።

ስብ እንደ ጎተራ እህል ዝም ብሎ የሚቀመጥ ነገር እንዳልሆነ መታወቅ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። በዚያ ዓመት ጎክሃን ሆታሚሽሊጊልና ባልደረቦቹ በወፈሩ አይጦች ስብ ውስጥ ቲኤንኤፍ የተባለው ብግነት (የሰውነት ክፍል መቆጣት) ቀስቃሽ ኬሚካል በብዛት እንደሚመረትና ሰውነት የደም ስኳርን ለሚያወርደው ለኢንሱሊን የሚሰጠውን ምላሽ እንደሚያደክም አሳዩ። ያን ጊዜ ኬሚካሉን የሚያመርተው ማን እንደሆነ በግልጽ አልታወቀም ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2003፣ ሁለት የአሜሪካ የምርምር ቡድኖች በአንድ ጊዜ ባወጡት ውጤት መልሱ ተገኘ፦ ዋናዎቹ ማክሮፌጆች ናቸው። ማክሮፌጅ የሞተ ሴልንና ጀርምን የሚውጥ፣ ቆሻሻ የሚያነሳ፣ አደጋ ሲያይም ለሌሎች የሚጣራ ትልቅ የመከላከያ ሴል ነው። ከሁለቱ ቡድኖች የአንዱ ግምት እንደሚያሳየው በቀጭን ሰው ስብ ውስጥ ካሉት ሴሎች ማክሮፌጆች ከ10 በመቶ በታች ሲሆኑ በወፈረ ሰው ወደ 40 በመቶ ይጠጋሉ።

እዚያ ምን ሊሠሩ ተሰበሰቡ? እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ጥናት በማይክሮስኮፕ ያሳየው ነገር ጥያቄውን በሚገባ ያብራራዋል። የስብ ሴል ከልክ በላይ ሲለጠጥ ኦክስጅን ያጥረውና ይሞታል፤ ማክሮፌጆቹም በሟቹ ሴል ዙሪያ እንደ አክሊል ይሰለፋሉ። በስቡ ውስጥ ካሉት ማክሮፌጆች ከመቶ ዘጠና በላይ የሚሆኑት የተገኙት በእንዲህ ዓይነቶቹ የሞቱ ሴሎች ዙሪያ ነበር። የመጡት ሬሳ ሊያነሡ ነው ማለት ነው። የሚያነሡት ግን የቅባት ጠብታ ስለሆነና አንዱ ሲነሣ ሌላው ስለሚሞት ሥራው አያልቅም፤ ሥራው ባላለቀ ቁጥርም የእርዳታ ጥሪው አይቋረጥም። ጥሪውን የሚሰሙት ማክሮፌጆች ብቻ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2009 በተደረጉ ጥናቶች እንደታየው በቀጭን አይጥ የሆድ ስብ ውስጥ ብግነትን የሚያረጋጉ ቲ ሴሎች የተባሉ ሌሎች የመከላከያ ሴሎች በብዛት ይገኛሉ፤ አይጡ ሲወፍር እነዚህ ይመናመኑና ገዳይ ቲ ሴሎች ይተኳቸዋል። ሰላም አስከባሪው ወጥቶ ተዋጊው እንደገባ ያህል ነው።

ከዚያ የሚወጣው ደም፣ ከነስብ አሲዱና ከነብግነት ኬሚካሉ፣ ጉበት ሲደርስ የሚቀበለው የቆየ ዘበኛ አለ። የአናቶሚ ሊቁ ካርል ዊልሄልም ፎን ኩፕፈር እ.ኤ.አ. በ1876 የገለጻቸውና እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠሩት የኩፕፈር ሴሎች የጉበት ነባር ማክሮፌጆች ናቸው። በሰውነት ኅብረ ሕዋሳት ውስጥ ካሉት ነባር ማክሮፌጆች ከመቶ ሰማንያ የሚበልጡት እዚህ ይገኛሉ ተብሎ ይገመታል። ዘራቸው ፅንስ ሳለን የተተከለ ነው፤ ጉበት ውስጥ ተራብተው ራሳቸውን እየተኩ ይኖራሉ። ከአንጀት የሚሾልከውን ባክቴሪያና ቁራጩን ቀን ከሌት ቢያገኙትም በየጊዜው አይደነግጡም፤ ጸጥ ብሎ ማጽዳትን ያውቁበታል።

በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ2020 ገደማ በአይጦች የተሠሩ በርካታ ጥናቶች ትኩረት የሚስብ ነገር አገኙ። ስቡ ወደ ብግነት በተሸጋገረ ጉበት ውስጥ ነባሮቹ የኩፕፈር ሴሎች ይሞታሉ። ባዶ የቀረውን ቦታ የሚሞሉት ከአጥንት መቅኒ ተነሥተው በደም የሚመጡ ሞኖሳይቶች የተባሉ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። እነዚህ በጉበት ውስጥ ማክሮፌጅ ይሆናሉ፤ ነገር ግን እንደ ነባሮቹ ስክነት የላቸውም፣ በቀላሉ ይቆጣሉ፣ የብግነት ኬሚካል ያበዛሉ። ከእነርሱ የሚወጣው መልእክት በጉበት ውስጥ ቫይታሚን ኤ አከማችተው የሚኖሩትን ኮከብ መሰል ሴሎች ይቀሰቅሳል፤ እነዚህ ደግሞ ቀስቃሽ ሲያገኙ ጠባሳ የሚሆነውን ኮላጅን ማምረት ይጀምራሉ። በልኳንዳ የምናውቀው ጤነኛ ጉበት ጠቆር ያለ ቀይ፣ ጠርዙ ስል፣ ልስልስ ነው። ስብ የሞላው ወደ ቢጫነት ያደላል፣ ጠርዙ ይዶለዱማል፣ ሲቆረጥ በቢላው ላይ ቅባት ይተዋል፤ ጠባሳ የወረሰው ግን ይጠጥራል፣ ላዩም ይጎረብጣል። ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው የሚያሻግረው የስቡ ብዛት ብቻ ሳይሆን ይህ የዘበኞች መለዋወጥም ይመስላል። የዘር ድርሻም አለበት፤ ፒኤንፒኤልኤ 3 የተባለው ጂን አንድ ዓይነት ልዩነት ያለባቸው ሰዎች በእኩል ውፍረት ከሌላው ይልቅ ለጉዳት ይጋለጣሉ።

ቲ ሴሎችም በጉበት ውስጥ የራሳቸው ታሪክ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት የወጡ ሁለት ጥናቶች እንዳሳዩት በተቆጣ የስብ ጉበት ውስጥ የሚከማቹ አንዳንድ ገዳይ ቲ ሴሎች ጠላታቸውን መለየት ትተው በአጠገባቸው ያገኙትን ጤነኛ የጉበት ሴል ጭምር ይገድላሉ፤ በዚህም ምክንያት የበሽታ መከላከያን በማነቃቃት የጉበት ካንሰርን የሚያክሙ መድኃኒቶች መነሻው ስብ በሆነ ካንሰር ላይ ውጤታቸው ሊያንስ እንደሚችል ተጠቁሟል።

እስካሁን ያልሁት የመከላከያ ሴሎቹን ጥፋተኛ የሚያስመስል ከሆነ ማስተካከል አለብኝ፤ የጽሑፌም ዋና ነጥብ ይኸው ነው። ትሬም 2 የሚባል አንድ ጂን አለ፤ በማክሮፌጆች ገጽ ላይ የሚቀመጥ፣ ቅባትን የሚያውቅ ተቀባይ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2013 ሁለት የተለያዩ ቡድኖች የዚህ ጂን አንድ ብርቅ ልዩነት ያለባቸው ሰዎች በአልዛይመር (የመርሳት በሽታ) የመያዝ ዕድላቸው በሦስት እጥፍ ገደማ ከፍ እንደሚል አሳወቁ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ይኸው ጂን በሁለት ሌሎች ቦታዎች ብቅ አለ፦ በወፈረ ሰውነት ስብ ውስጥ የሞቱ ሴሎችን በሚከቡት ማክሮፌጆች ላይና በሲሮሲስ በተያዘ የሰው ጉበት ጠባሳ ዙሪያ በሚገኙት ላይ። ከአይጦች ጂኑ ሲነሣ ስቡም ጉበቱም ይብስባቸዋል። ማለትም ስቡን አንሥተው፣ የሞተውን ውጠው ጉዳቱን የሚገቱት ከእነዚሁ ሴሎች መካከል ናቸው። በስብ፣ በጉበትና በአንጎል አንድ ዓይነት የጽዳት ሥራ በአንድ ዓይነት መሣሪያ ይሠራል፤ መሣሪያው ሲጎድል ሦስቱም ቦታ ይጎዳል።

አሁን ወደ አንጎል እንለፍ። የአንጎል ነባር ማክሮፌጆች ማይክሮግሊያ ይባላሉ፤ ስፔናዊው ፒዮ ዴል ሪዮ ኦርቴጋ እ.ኤ.አ. በ1919 ለይቶ ገለጻቸው። እንደ ኩፕፈር ሴሎች ሁሉ ከፅንስ ዘመን ጀምረው ቦታቸውን ይዘው የሚኖሩ ናቸው። ረሃብና ጥጋብን የሚቆጣጠረው ሃይፖታላመስ ከአንጎል ሥር፣ ከደም የሚመጡ መልእክቶችን ለመቅመስ እንዲያመቸው የደምና የአንጎል ግድግዳ በሳሳበት አካባቢ ይገኛል። ይህ ስስነት የጥጋብ ሆርሞን የሆነውን ሌፕቲንን ያስገባል፤ ከመጠን ያለፈ የስብ አሲድንና የብግነት ኬሚካልንም እንዲሁ።

የብራዚል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ቅባት የበዛበት ምግብ በአይጦች ሃይፖታላመስ ውስጥ ብግነት እንደሚያስነሣ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የጆሹዋ ቴለርና የባልደረቦቹ ጥናት ግን ከዚያ የበለጠ አስደንጋጭ ነበር፤ ብግነቱ የጀመረው ምግቡ በተቀየረ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ፣ እንስሶቹ ገና ሳይወፍሩ ነው። የወፈሩ ሰዎች አንጎል በኤምአርአይ ሲታይም በዚያው ቦታ የጠባሳ መሰል ለውጥ ምልክት ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 ሌላ ቡድን የአይጦችን ማይክሮግሊያ በመድኃኒት ሲቀንስ አይጦቹ ቅባታም ምግብ እየቀረበላቸው እንኳ የሚበሉት መጠን ቀነሰ፤ በአንጻሩ ምግቡ ሳይቀየር ማይክሮግሊያውን ብቻ እንዲቆጣ ሲያደርግ አብዝተው በሉና ወፈሩ። አይጥ ሰው አይደለም፤ በሰው ላይ ያለን ማስረጃ በአብዛኛው ምስልና ዝምድና እንጂ የምክንያት ማረጋገጫ አይደለም። ይሁንና «ሆዳም ስለሆነ ነው» እያልን በወፈረ ሰው ላይ የምንሰነዝረው ፍርድ ምን ያህል ካለማወቅ የመጣ እንደሆነ ለማየት ይህ በቂ ይመስለኛል። የጥጋብን መልእክት የሚቀበለው ክፍል ራሱ ተቆጥቶ ከሆነ ሰውዬው ከገበታው በፈቃዱ ብቻ እንዲነሣ መጠበቅ ከባድ ነው።

ጉበትና አንጎል በቀጥታም ይገናኛሉ። ሲሮሲስ ሲጠና ጉበት አሞኒያን ማጣራት ስለሚያቅተው ሕመምተኛው ቀንና ሌሊት እንደሚምታታበት፣ እጁም እንደሚንቀጠቀጥ ሐኪሞች ከጥንት ያውቃሉ። አዲሱ ነገር ጉዳቱ ከዚያ በጣም ቀድሞ ሊጀምር ይችላል መባሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 አና ሐጂሐምቢና ባልደረቦቿ በለንደንና በሎዛን በሠሩት ጥናት ለ16 ሳምንት ቅባታም ምግብ የበሉ አይጦች የጉበት ስብ ከማውጣታቸው በተጨማሪ በአንጎላቸው ውስጥ የኦክስጅን መጠን ቀንሷል፣ ማይክሮግሊያቸው ተቀስቅሷል፣ ድብርትና ፍርሃት የሚመስል ጠባይም አሳይተዋል። በአንድ የዘር ለውጥ ምክንያት ያንኑ ምግብ እየበሉ ጉበታቸው ስብ ያልያዘው አይጦች ግን አንጎላቸውም ደኅና ነበር። በሰው በኩል በአሜሪካ ፍራሚንግሃም ከተማ የሚካሄደው የረጅም ጊዜ ጥናት የጉበት ስብ ያለባቸው ጎልማሶች የአንጎል መጠን በአማካይ አነስ ብሎ እንደሚታይ እ.ኤ.አ. በ2018 ዘግቧል።

ይህ ሁሉ ከታወቀ ብግነቱን በመድኃኒት ዝም ማሰኘት አይቻልም ወይ? ተሞክሯል። ሴኒክሪቪሮክ የተባለ መድኃኒት ሞኖሳይቶች ወደ ጉበት የሚገቡበትን በር እንዲዘጋ ታስቦ ተሠርቶ በመጨረሻው ደረጃ ሙከራ ላይ ውጤት ስላላሳየ እ.ኤ.አ. በ2021 ተቋርጧል። በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ለዚህ በሽታ መጀመሪያ የተፈቀደው ሬስሜቲሮም የሚሠራው በጉበት ሴል ውስጥ የስብ ማቃጠልን በማፋጠን ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 የተከተለው ሴማግሉታይድ የተባለው መርፌ ደግሞ በዋናነት የምግብ ፍላጎትን በመቀነስ ይሠራል፤ በ72 ሳምንት ሙከራ መድኃኒቱን ከወሰዱት 62.9 በመቶ የሚሆኑት፣ መድኃኒት የሌለበት መርፌ ከወሰዱት ደግሞ 34.3 በመቶ የሚሆኑት የጉበት ብግነታቸው ጠፍቷል። ከዚህ የምረዳው ዘበኛውን በር ላይ ማገድ የዘበኛውን ጭንቀት አያነሣም፤ የሚያነሣው የሚያስጨንቀውን ሸክም ማቅለል ነው። አንጎል ላይ ግን ይህም አልበቃም። ሴማግሉታይድ በእንክብል መልክ አልዛይመር በጀመራቸው ሰዎች ላይ ተሞክሮ የበሽታውን ግስጋሴ እንዳላዘገየ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2025 ታውቋል። በሽታው ሥር ከሰደደ በኋላ መድረሱ ይሆን ምክንያቱ የሚለው ገና ክርክር ላይ ነው።

መርፌው በኢትዮጵያ ለአብዛኛው ሰው በዋጋው የማይደረስበት በመሆኑ ሸክሙን የማቅለያ ሌላው መንገድ ለእኛ ይበልጥ ያሳስባል። በኩባ 293 ሕመምተኞች በአመጋገብና በእንቅስቃሴ ብቻ ለአንድ ዓመት ታክመው፣ ከክብደታቸው 10 በመቶና ከዚያ በላይ የቀነሱት ከመቶ 90ዎቹ የጉበት ብግነታቸው ጠፍቷል፣ ግማሽ ለሚጠጉትም ጠባሳው ሳይቀር ቀንሷል። እዚህ ደረጃ የደረሱት ግን ከአሥር አንድ ሰው ብቻ ናቸው። ስለ ሃይፖታላመስ ካየነው አንጻር ይህ ቁጥር የስንፍና መለኪያ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። ደግነቱ ፈጣን የእግር ጉዞን የመሰለ እንቅስቃሴ ሚዛኑ ባይወርድም እንኳ የጉበትን ስብ ይቀንሳል፤ በለስላሳ መጠጥ ውስጥ ያለው ፍሩክቶስ ጉበት ውስጥ በቀላሉ ወደ ስብ ስለሚለወጥ እርሱን ማቆምም ትልቅ እርምጃ ነው።

ያ ሰው ግን «ግሬድ 2» የሚለውን ወረቀት ይዞ ሄዷል፤ ወረቀቱ የስቡን መጠን እንጂ ዘበኞቹ ተቆጥተው ጠባሳ መጀመር አለመጀመሩን አይነግረውም። ይህን በግምት ለማወቅ የሚረዳው ፊብ-4 የተባለው ስሌት አዲስ መሣሪያ አይጠይቅም፦ ዕድሜን በኤኤስቲ ውጤት ማባዛት፣ ከዚያም ፕላትሌትን (ደም የሚያረጉትን ሕዋሳት ብዛት፣ በሺህ) በኤኤልቲ ስኩዌር ሩት አባዝቶ ለተገኘው ማካፈል ነው፤ ኤኤስቲና ኤኤልቲ በደም የሚለኩ የጉበት ኢንዛይሞች ናቸው። ኤኤስቲው 40፣ ኤኤልቲው 49፣ ፕላትሌቱ 200 ሺህ ከሆነ 52 በ40 ሲባዛ 2080፣ 200 በ7 (በ49 ስኩዌር ሩት) ሲባዛ 1400፣ ሲካፈል 1.49 ይመጣል። ከ1.3 በታች ቢሆን ጠባሳ የመኖሩ ዕድል ዝቅተኛ ነበር፤ ከ2.67 በላይ ቢሆን ከፍተኛ። የእርሱ በመካከል ስለሆነ ቀጣዩ እርምጃ የጉበቱን ጥጥረት የሚለካ ምርመራ ነው፤ ለስሌቱ ያስፈለጉት ቁጥሮች ሁሉ ደግሞ በተለመደው የደም ምርመራ ወረቀት ላይ ይገኛሉ።